የበቾ ቦሬው ሸርጣን ሰፊ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እኛ ቆሻሻ ስንጥል እሱ ንብረት ሲባክን የሚታየው። የተበጠሰ ዚፕ፣ የተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ፣ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ፣ ሁሉም በሱ ዓይን ገና ሥራ ያላገኘ ዕቃ ነው። የእናንተ ሰፈር ሰው ይሄን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቀን ሬዲዮ ይጠግንበት ይሆናል። የኛው ሸርጣን ይሠሩበታል።

አዎ፣ ሸርጣን። ዓይናችሁን አትሹ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት።

ክቡር ጋሽ ሙሐመድሳኒ፣ የጅማ በቾ ቦሬ ልብስ ሰፊ፣ የላባና የጭራ ጉዳይ የበላይ ኃላፊ፣ በጊቤ ዓሦች ዘንድ ባለሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ፣ መንጠቆ ላይ ከላባ፣ ከጆንያ ክርና ከቁርጥራጭ ቆዳ ሸርጣን ያስራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የወንዝ ዓሣ ሸርጣን ይወዳል። የእውነቱ ሸርጣን ግን መንጠቆ ላይ ሲሰካ ወዲያው ይፈራርሳል። ስለዚህ የማይፈራርስ ሸርጣን ሰፍቶ ዓሣውን መሸወድ ነው። በሐሳቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሐሳቡ እኔ ግቢ ድረስ ዘልቆ መግባቱ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ለበዓል ከደዶ የመጣ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቼ ግቢ ውስጥ አስሬዋለሁ። ጋሽ ሙሐመድሳኒ በአጥር በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። ኮፊያቸው ላይ እንደወትሮው ሁለት ሦስት ሸርጣን ተሰክቷል።

«ጥሩዬ፣ ማሻአላህ! አንገቱን አየሽው?»

ሰው ዶሮ ሲያደንቅ ስለ ጭኑ ነው የሚያወራው። ስለ አንገቱ ሲያወራ መጠርጠር ነበረብኝ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ዶሮዬ ሻርፑን እንደተቀማ ሰው አንገቱን ቀብሮ ጥግ ይዟል። አንዲት ላባ የለችም! እየተንደረደርኩ ሱቃቸው ስሄድ ላባዬን የስፌት መኪናው ላይ ደርድረው፣ ጥቁር ቀዩን ለብቻ፣ ወርቃማውን ለብቻ እያደረጉ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ይበቅላል መሌ! ላባ አይደል?» አሉኝ፤ «መሌ» የጅማ ሰው «እንጂ» ነው።

«ነገ'ኮ ልናርደው ነው!»

«ኤ! ከታረደማ ላባው ምን ያደርግለታል?»

ዶሮው አንገቱ እንደተላጨ ታረደ።

ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ይዤ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ያ ድምፅ ከአጥር ማዶ ይጠብቀኛል፦ «ጥሩዬ፣ እንዳትጥዪው! ይሆነኛል!» ምን እንደምጥል እንኳ ሳያዩ ነው። ሹሩባ የምትሠራው ሀያት የተራረፈውን ፀጉር በፌስታል አድርጋ በር ላይ ታስቀምጥላቸዋለች፤ ካላስቀመጠች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የሰፈራችን ድመቶች በሱቁ በር ሲያልፉ ጭራቸውን ወሽቀው ነው ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው በስልክ ነው። ጋሽ ሙሐመድሳኒ የኮት ክሳድ አቆራረጥ ሲፈልጉ አንድ ፂማም ፈረንጅ ከላባ ክሬፊሽ ሲያስር አዩ። እሳቸው «ከረፊሽ» ይሉታል። ከረፊሽ የሚባለው ፍጡር እኛ ወንዝ ውስጥ የለም። የሸርጣን ጥፍር አለው፣ ቁመናው የጊንጥ ነው፣ ይሄ አልበቃ ብሎት ደግሞ ሰፊ ጭራ ጨምሯል። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ቪዲዮውን ሲያዩ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ስልኩን በፊቱ ደፉት።

ጋሼ ግን ፈረንጁን እንደ ኡስታዝ ተከተሉት። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ትንሽ ሞርሳ አሰሩ። መንጠቆውን ሞርሳው ነክሶ ይይዘዋል፤ እሳቸው በሰም የታሸ ክር ይጠመጥሙበታል። ከቡና ጆንያ የተመዘዘውን ክር የቡና ገለባ ውስጥ ቀቅለው ቡናማ ቀለም ያወጡለትና ገላውን ይሠሩበታል። ላባው እግር ይሆናል፤ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠች ቆዳ ጥፍር ትሆናለች፤ የስፒል ራስ ዓይን ይሆናል። ፈረንጁ «ከረፊሽ ሲደነግጥ ወደ ኋላው ነው የሚሸሸው» ስላለ ጥፍሩን በመንጠቆው ጉብጠት በኩል፣ ጭራውን ሲባጎው በሚታሰርበት በኩል አደረጉት፤ ሲጎተት ወደ ኋላ የሚሸሽ እንዲመስል። አደነቀችላቸው ብላችሁ አትሙኝ እንጂ፣ ያምር ነበር። የጊቤ ዓሣ ግን ዞር ብሎም አላየው።

«የማያውቀውን እንግዳ ማን ያስገባል?» አሉ ጋሽ ሚሊዮን።

ጋሽ ሚሊዮንን ሳላስተዋውቃችሁ። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ የጋሽ ሙሐመድሳኒ ሱቅ የሚባለውም በደንብ ካያችሁት የሳቸው ፀጉር ቤት ነው። ድሮ የጋሽ ሙሐመድሳኒ ሱቅ ሲቃጠል ጋሽ ሚሊዮን ፀጉር ቤታቸውን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው «እስክትቋቋም እዚህ ስፋ» አሏቸው። ከተቋቋሙ ቆዩ፤ መጋረጃው ግን አልተነሣም። ከወዲህ መቀስ ፀጉር ይቆርጣል፣ ከወዲያ መቀስ ጨርቅ ይቆርጣል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በመጋረጃው ላይ ሲነታረኩ ይውላሉ። ደንበኛው ግራ ይጋባል። ፀጉር ሊቆረጥ የገባ ሰው ተለክቶ ሲወጣ አይቻለሁ።

እሁድ እሁድ አብረው ጊቤ ይወርዳሉ። አንደኛው ዓሣ ሊያጠምዱ፣ ሌላው ሸንኮራ እየጋጡ ሊስቁ። ዓሣ? ጣት የምታክል ነገር ይዘው የተመለሱበት ቀን አለ፤ እሷንም ጋሽ ሚሊዮን «እናቷ ትፈልጋታለች» ብለው መልሰው ወንዝ ውስጥ ጨምረዋታል።

የሰፈራችንን ልጅ የአብራርን ኒካህ ካልነገርኳችሁ ደግሞ ኃጢአት ይሆንብኛል። የአብራርን ኮት የሰፉት ጋሽ ሙሐመድሳኒ ናቸው። ኮቱ አንጀት ያርስ ነበር። የኒካሁ ቀን ሙሽራው አልቦት መሐረብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት፣ ሸይኹ «ተቀብለሃል?» ብለው የጠየቁት በዚያችው ቅጽበት ነው። አብራር «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ። የሙሽሪት አጎቶች ተነሡ። የሙሽራው አጎቶችም ተነሡ። አብራር ጣቱን ብድግ ቢያደርግ ጥፍሯን የዘረጋች ሸርጣን ጣቱ ላይ ተንጠልጥላለች። ከእንግዶቹ መሐል አንድ የደስታ ድምፅ ተሰማ፦

«አልሐምዱሊላህ! እኔ'ኮ የት ገባች ብዬ ስፈልጋት!»

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። አትቀየሟቸውም፤ ብትሞክሩም አይሆንም።

ታዲያ አምና ከመስቀል በኋላ ጋሽ ሚሊዮን ጅማን ሊለቁ ሆነ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ምላጭ የያዘ እጅ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ደንበኛም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ጽዮናዊት «አባዬ፣ በቃ፣ ከኔ ጋር ትኖራለህ» ብላ መኪና ይዛ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሊሄዱ ተቆረጠ። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ወሬውን ሰሙ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመጋረጃው ማዶ ድምፅ አልተሰማም፤ ይሄን ነው የፈራሁት።

የሽኝቱ ምክክር እኛ ግቢ ነበር። በሰፈራችን ደንብ ድግስ ሁለት ትሪ ነው። የሙስሊሙን በግ ሙስሊም ያርዳል፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን። በሁለት ድስት ይሠራል፣ ጎን ለጎን ይቀርባል፣ እየተሳሳቅን እንበላለን፣ ማንም አይቀየምም። አያቶቻችን እንዲህ ኖረው ነው የተዋደዱት። እኔም በግ የሚገዛውን፣ የሚያርደውን እያልኩ ስደለድል ጋሽ ሙሐመድሳኒ ተነሡ።

«ሁለት ትሪ የለም» አሉ። «አንድ ትሪ ነው። ዓሣ ነው። የማመጣው እኔ ነኝ። ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ፤ ሳቅ ላለማፈንዳት ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ዓሣው ይራባ ተብሎ የጊቤ ግድብ ላይ መረብ መጣል ቆሟል፤ ገበያ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንኳ የለም። ጋሽ ሚሊዮን አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጓደኛቸውን አዩ። መልሰው ዘጉት።

«ቶሌ» አሉ በመጨረሻ። «እሺ፣ ዓሣ ይሁን።»

እትዬ ከድጃ በጓዳ በኩል ጠርተው «ልጄ፣ ሽሮ አሰናጂ» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ አስቀድሜ አሰናድቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት አብሬያቸው ጊቤ ወረድኩ። እትዬ ከድጃ ናቸው «ጉማሬ እንዳይበላብኝ ተከተይው» ያሉኝ። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አዲስ ሸርጣን ከኮፊያቸው ነቀሉ። ጭራ የለውም። ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ የኛው ወንዝ ሸርጣን ቁርጥ። ሲባጎው የታሰረውም ከፊቱ ወይም ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ነው።

«የኛ ሸርጣን ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ጥሩዬ» አሉ። «ድንጋዩን ገልብጠሽ ብታዪ ይሄው ነው። እኔ ጅሉ ፈረንጅ አምኜ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ስጎትት!»

ወረወሩ። ጎተቱ። ወረወሩ። ጎተቱ። ፀሐይ ወጣች፣ አናታችንን መታችን፣ ዓሣ የለም።

«ጋሼ፣ እውነቱን እንነጋገር። ዓሣ ካልተገኘ ሽሮ አለ። ሽሮ'ኮ ከአንድ ትሪ ስንበላ ነው የኖርነው። ምን አስጨነቆት?»

ሲባጎውን እንደያዙ ወደ ውሃው እያዩ ነው የመለሱልኝ።

«ሽሮ ጥሩ ነው። ግን ሰው ወዳጁን የሚያከብረው ምን ሲያደርግ ነው? አርዶ ሲያበላው ነው። እኔ ለሚሊዮን አርጄለት አላውቅም፣ ጥሩዬ። ሱቄ ሲቃጠል ቤቱን ለሁለት የከፈለልኝ ሰው ነው። ቢላዋ ባነሣ እሱ አይበላም፤ እሱ ቢያነሣ እኔ አልበላም። በዓል በመጣ ቁጥር በጉን ከነነፍሱ ሰጥቼው ‹ሂድ አሳርድ› እለዋለሁ። እንደ ባዳ!»

ሸርጣኑን እንደገና ወረወሩ።

«ዓሣን ግን ማንም አያርደውም» አሉ። «ከውሃ ያወጣው ሰው እንዳረደ ይቆጠርለታል። ገዝቼ ባመጣማ ያረደለት ነጋዴው ነው። ለዚህ ነው እንጂ እኔ ዓሣ እንኳን አልወድም። ይሸተኛል።»

እኔ ጥሩወርቅ እንባዬ የሚቀርብ ሴት አይደለሁም፤ የሰፈሩ ሰው ይመስክር። ለዚያ ሁሉ ላባ፣ ለዚያ ሁሉ «ይሆነኛል» ምክንያቱ ይሄ ኖሯል! ዶሮዬን ከነሙሉ ላባው ብሰጣቸው ኖሮ አልኩ በሆዴ። ዓይኔ ሲሞላ ወንዙን የማይ መስዬ ዞርኩ።

ሲባጎው የተወጠረው ያን ጊዜ ነው።

«ያ ረቢ!» አሉ ጋሽ ሙሐመድሳኒ። ሲባጎው የታሰረበት ዱላ ጎበጠ፣ እሳቸውም ጎበጡ። «ያዢኝ! ጥሩዬ ያዢኝ መሌ!» ቀበቷቸውን ያዝኩ። ዓሣው እሳቸውን ይስባል፣ እኔ እሳቸውን እስባለሁ፤ መሐል ላይ ያሉት ሰው ዱዓ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ከነጫማዬ ውሃው ውስጥ ገብቼ በነጠላዬ አቅፌ አወጣሁት። ክንድ የሚያህል ቢልጫ! ከአፉ ጥግ ሸርጣኗ ጥፍሯን ዘርግታ ታየናለች። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ጭቃው ላይ ሱጁድ ወረዱ። ነጠላዬ እስከዛሬ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ይበለው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ግቢያችን ሞላ። እትዬ ከድጃ ዓሣውን በሎሚና በቃሪያ ጠብሰው አንድ ትልቅ ትሪ ላይ አቀረቡት። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ጋሽ ሙሐመድሳኒ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተዋል። «ቢስሚላህ» አሉና ትሪውን ወደ ጓደኛቸው ገፋ አደረጉት።

ጋሽ ሚሊዮን እጃቸውን አልዘረጉም።

«ብላ መሌ!»

«ሙሐመድሳኒ…» አሉ ጋሽ ሚሊዮን ቀስ ብለው። «ዛሬ'ኮ ዓርብ ነው። ጾም ነው።»

«አውቃለሁ! ለዚህም ነው ዓሣ የሆነ! ዓሣ የጾም አይደል? ሆቴሉ ሁሉ በሩ ላይ ‹የጾም፣ ዓሣ አለን› ብሎ ለጥፏል!»

«ሆቴሉ የንስሐ አባቴ አይደለም። የሚበላ ይበላል፤ እኔ በጾም ዓሣ ቀምሼ አላውቅም።»

ጋሽ ሙሐመድሳኒ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትይዛለህ ብዬ መቼ አሰብኩ!» አሉ ጋሽ ሚሊዮን። «ምን ብዬ ልከልክልህ? አይይዝም፣ ሽሮ በልተን እንለያያለን ብዬ ነው'ኮ!»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ከድጃ ናቸው። ከዚያ እኔ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ፈረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ አልሳቁም፤ እርስ በርስ እየተያዩ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ትሪውን ከደኑት።

«ማንም አይነካውም» አሉ። «ጾሙ ነገ የለም አይደል? ነገ ይበላል።»

«ነገ'ኮ በጠዋት ነው የምንወጣው፣ ጋሼ» አለች ጽዮናዊት።

«በጠዋት ይበላል!»

እናም ያን ሁሉ የተራበ እንግዳ፣ የዓሣ ጥብስ ጠረን እያወደው፣ ሽሮ አበላሁት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ተበሳጨ።

ቅዳሜ ገና ሊነጋ ሲል የጋሽ ሚሊዮን ዕቃ መኪናው ላይ ተጭኖ አለቀ። ሰፈሩ በሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ መጥቷል። ባዶው ቤት ውስጥ መቀመጫ ስለሌለ ትሪውን አንድ ሻንጣ ላይ አስቀመጥነው። ጋሽ ሚሊዮን አማተቡ፤ ጋሽ ሙሐመድሳኒ «ቢስሚላህ» አሉ። ከዚያ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ቢልጫ አጥንቱ ብዙ ነው፤ ፀጉር የሚያህል አጥንት በየሥጋው መሐል ተሰግስጓል። የጋሽ ሚሊዮን ዓይን ደግሞ እንኳን አጥንት ሰውም በቅጡ አይለይም።

ጋሽ ሙሐመድሳኒ መነጽራቸውን አጠለቁ። ትሪው ላይ አቀርቅረው አጥንቱን አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ፤ ይለቅማሉ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ደግመው ይለቅማሉ። ውጭ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ማንም ዞር አላለም። በመጨረሻ በእንጀራ ጠቅለው አጎረሷቸው።

ጋሽ ሚሊዮን ረጅም ጊዜ አኘኩ። እንባቸው ፂማቸው ውስጥ ይወርዳል።

«አንድ ያጣላል» አሉ ሲውጡ።

«እሱማ ያጣላል!» አሉ ጋሽ ሙሐመድሳኒ፤ እንደገና አቀርቅረው ለሁለተኛው ጉርሻ አጥንት መልቀም ጀመሩ። ከበፊቱም ቀስ አሉ። እንዲያልቅ እንዳልፈለጉ ገባኝ፤ እኔም እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ሾፌሩ ታግሦ ታግሦ ገባ። ወጣት ነው፣ ለሰፈሩ እንግዳ ነው። «ኧረ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እናቶቼ!» ሊል ጀምሮ ጠረኑ አፍንጫው ሲደርስ ቆመ። በዚያ ድንግዝግዝ ብርሃን ትሪውን እያየ ምራቁን ዋጠና እኔን በጆሮዬ ጠየቀኝ፦

«ጥብሱ የሙስሊም ነው የክርስቲያን?»

«ዓሣ ነው» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ጋሽ ሙሐመድሳኒ ለጋሽ ሚሊዮን ያረዱት። ሞተርህን አጥፋና፣ እጅህን ታጥበህ ና።»